የጋሽ ሬሾ ምዕራፍ

መስከረም 28

ትምህርት ተጀመረ። “የሰው ጂኦግራፊ አስተሳሰብ ዕድገት”... ስሙ ራሱ ተማሪ ያባርራል። ክፍሉ ግማሹ ባዶ። ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጥ የለም፤ ሁሉም ግድግዳ ተደግፎ በሩን ያያል። እንደ ሁልጊዜው “ጂኦግራፊ ስለ ምንድን ነው?” ብዬ ጠየቅኩ። እንደ ሁልጊዜው ወንዝ፣ ተራራ፣ ዋና ከተማ። “ሰው” ያለ አልተገኘም። “እናንተስ የት ገባችሁ?” ስላቸው ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ ከጋሽ ሬሾ ጋር መጽሐፉ ላይ ተቀመጥን። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎች ናቸው፤ ያገኘውን ነገር ሁሉ ለሌላ ነገር ስለሚያካፍል። ዛሬ አምልጦኝ ፊት ለፊት በዚሁ ስም ጠራሁት። ቀና ብሎ አየኝና “ከተማሪ ተማርሽ ማለት ነው” አለ። የተቀየመ አይመስልም።

በራሳችን ቋንቋ የመማሪያ መጽሐፍ ጻፉ ተብለን አንድ ላይ የታሰርነው አምና ነው። የማን ሐሳብ እንደሆነ እንጃ። ቢሮዎቻችን ፊት ለፊት ናቸው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከኮሪደሩ ወዲህና ወዲያ ሆነን ስንነታረክ የኖርን ሰዎች። እሱ ያልተለካ ነገር እውቀት አይባልም ይላል። እኔ ደግሞ ተለክቶ የሚያልቅ ከሆነ ሰው አልኖረበትም እላለሁ። የምናገረውን ሁሉ የሚቀበለው በአንድ ጥያቄ ነው። “በምን አወቅሽ?”

የዛሬው ጠብ በሁለት ቃላት የመጣ ነው። መጽሐፉ ሁለት ነገሮችን መለየት አለበት። አንዱ ባዶው፣ ስፋቱ፣ በሜትር የሚነገረው። ሌላው ሰው ገብቶ የኖረበት፣ ስም ያወጣለት። እኛ “ቦታ” እንላለን፣ “ስፍራ” እንላለን፤ አንለያቸውም። የትኛው ለየትኛው ይሁን?

“የሚለካው ቦታ ይባል” አለ። “የቤት ቦታ ስንት ካሬ ነው ይባል የለ?”

“ቦታማ የኔ ነው። ቦታዬን ያዘብኝ፣ ልቤ ውስጥ ቦታ አለው... ይህን በስንት ካሬ ትለካዋለህ?”

“ልብሽን አምጪውና እናየዋለን።”

ሲወጣ ደግሞ፣ “አንቺ የምታስተምሪው ግጥም ነው።”

“አንተ ደግሞ ሰው ለቆት የሄደውን አገር።”

ቤት ገባሁ። የትናንቱን አሙቄ በላሁ። ራዲዮ ከፈትኩ... ዘጋሁት።

ጥቅምት 2

በሩን ዘግቶ ዋለ። ሳሉ ብቻ ይሰማል። ቃሉ አልተወሰነም።

ጥቅምት 9

አካባቢ ሰውን ይወስናል የሚለው የድሮ አስተሳሰብ ላይ ነን። የሙቀት አገር ሰው ሰነፍ፣ የብርድ አገር ሰው ታታሪ... ስንት ወፍራም መጽሐፍ ተጽፎበታል። ሌላውን ለመግዛትም ጥሩ ሰበብ ሆኗል። ቀጥሎ የመጡት “የለም፣ አካባቢ በር ይከፍታል እንጂ በየትኛው እንደሚገባ ሰው ነው የሚመርጠው” አሉ። አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች።

“ደሃስ ይመርጣል?”

“ይህን ጥያቄ አጥብቀው የጠየቁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ኅዳር ላይ እንደርስበታለን” አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ደስ አለችኝ።

የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። የሳምንት ውሏችሁን በካርታ ሣሉ። የት ሄዳችሁ፣ ከማን ጋር፣ ለምን። ምሳሌ እንዲሆናቸው የራሴን ልሣል ብዬ ተቀመጥኩ። ቤት። ቢሮ። ክፍል። ቢሮ። ቤት። ቅዳሜ ገበያ... አንድ መስመር ሆኖ ቀረ። በእርሳስ ስመላለስበት ወረቀቱ ሊበሳ ደረሰ። “ከማን ጋር” በሚለው ሥር የምጽፈው አጣሁ። አይ፣ አንድ አለ። ጋሽ ሬሾ። እሱም ከኮሪደር ማዶ እየጮኸ።

ለተማሪዎቹ የፈጠራ ካርታ ሠራሁላቸው። ጎረቤት አለበት፣ የጓደኛ ልደት አለበት፣ ከእህት ጋር ሽርሽር አለበት። የደስ ደስ ያላት ሴትዮ ነች።

ጥቅምት 20

ጋሽ ሬሾ ታመመ። ትናንት ማምሻውን ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ እንዳለ በዚያው ወደቀ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል ተባለ። ሆስፒታል ነው። የነገረችኝ የትምህርት ክፍላችን ጸሐፊ ናት፤ የቢሮውን ቁልፍ እየፈለገች። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። ክፍል ገባሁ፣ አስተማርኩ። ስለ ምን እንደሆነ ተማሪዎቹን መጠየቅ ነው።

ጥቅምት 23

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አስጠራኝ። የሁለታችንም ተማሪ የነበረ ልጅ ነው፤ አሁን ከትልቅ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ ያዘናል። አክብሮቱን ግን አልተወም።

“ዶክተር፣ መጽሐፉን እርስዎ ብቻዎን ቢጨርሱትስ?”

“የእሱንም ምዕራፎች?”

“ጋሽ የቁጥርና የቀመሩን ዘመን ምዕራፍ ገና አልጀመሩትም ነበር። ከዚህ በላይ ማተሚያ ቤቱን ማስጠበቅ አንችልም።” ከዚያ ትንሽ አፈር አለና፣ “አንድ ጥሩ ነገር ቢኖር... አሁን የሚነታረክዎት የለም።”

ሊያጽናናኝ ነው። አመሰገንኩት።

እውነቱንም ነው። “ቦታ” የሚለውን ቃል ለራሴ መውሰድ እችላለሁ። መደምደሚያውን እንዳሻኝ። ሃያ ዓመት የተመኘሁት ይህን አይደል? ቢሮዬ ገባሁ፣ ወረቀት አወጣሁ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ... ቀና አልኩ። ወደ በሩ። “በምን አወቅሽ?” የሚል ድምፅ እየጠበቅኩ።

ኮሪደሩን የሚጠርጉት ሰውዬ አልፈው ሄዱ። ሌላ ማንም።

ኅዳር 1

አንድ ገጽ አልሞላሁም። የምጽፈው ሁሉ ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው የደበረኝ።

እህቴ ደወለች።

“ምን አዲስ ነገር አለ?”

“ምንም። ባልደረባዬ ታሟል።”

“ያ የምትጠይው?”

እጠላዋለሁ ብዬ ነው የነገርኳት?

“ሄደሽ ጠየቅሽው?”

አልሄድኩም። ቤቱን አላውቀውም። ሃያ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ሰውየው ማታ ማታ በየት በኩል እንደሚሄድ አለማወቅ። የጂኦግራፊ መምህር ደግሞ።

ኅዳር 8

ሄድኩ። ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ገብቷል። አድራሻውን ጸሐፊዋ ጻፈችልኝ። አራተኛ ፎቅ፤ ሊፍቱ ተበላሽቷል። ብርቱካን ይዤ ደረጃ ለደረጃ እያረፍኩ ወጣሁ። ሁለት ጊዜ ልመለስ አሰብኩ።

በሩን የከፈቱልኝ ሚስቱ ናቸው። አጠር ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ። ስሜን ሳልናገር “መጣሽ?” አሉኝ። ቀጠሮ እንዳለን ሁሉ።

እሱ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ነው። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ የሰው ዕቃ መስሎ ተቀምጧል። ጺሙ አድጓል። አየኝ።

“እንዴት ነህ ጋሼ?”

“እሺ” አለ።

“ተሻለህ?”

“እሺ።”

ሚስትየው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “የቀረችለት ቃል እሷ ብቻ ናት። ውሃ ስለው እሺ፣ በረደህ ስለው እሺ፣ አመመህ ስለው እሺ። ሐኪሙ ካወራችሁት ሌላውም ይመለሳል ብሏል” አሉኝ።

እሱ እኮ ነው። ለስብሰባ አጀንዳ እንኳ እሺ ብሎ የማያውቅ ሰው። አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ እሺ እንዲለኝ ስመኝ ስንት ዓመት... አሁን ሲለኝ ወለል ወለሉን አየሁ።

ሻይ ሊያፈሉ ተነሱ። “እትዬ፣ አይቸገሩ” አልኩ።

“እርስዎውን ተይው፤ አንቺ በይኝ። እኔ አንቺን ከራሴ ልጅ ባላነሰ ነው የማውቅሽ።”

“እንዴት?”

“እንዴት ትላለች እንዴ። ማታ እራት ላይ ወሬው አንቺ ነሽ። ‘ዛሬ ያቺ ሴትዮ ምን አለችኝ መሰለሽ?’ ይለኛል፣ ገና እጁን ሳይታጠብ። ካፖርት የገዛሽ ጊዜ አውቃለሁ። ስብሰባ ላይ ኃላፊውን ምን እንዳልሽው አውቃለሁ። አሞሽ የቀረሽ ቀን ምግብ አይበላለትም፤ የሚያወራው የለማ። ሃያ ዓመት ሙሉ እዚህ እራት ላይ ነበርሽ እኮ። ወንበር አልሳብሽም እንጂ።”

ብርቱካን መላጥ ጀመርኩ። ለእጄ የምሰጠው ሥራ አጥቼ።

ቤት ገብቼ መብራት ሳላበራ ተቀመጥኩ። በዚያ ሰዓት እኔ ሁልጊዜ እዚህ ነበርኩ። የተረፈ እያሞቅኩ፣ ራዲዮ እየከፈትኩ እየዘጋሁ። በዚያው ሰዓት እዚያ ስሜ ይነሳል... ቦታ ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አይደለም፤ ሰው በአካል ሳይገኝበትም የሚኖርበት አለ እያልኩ ስንት ዓመት አስተማርኩ። ሳስተምረው ገብቶኝ ነበር?

ኅዳር 13

የቁጥሩን ዘመን ምዕራፍ ጀመርኩ። ነገሩንስ አውቀዋለሁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወጣቶቹ ተነሱ፤ አገር ለአገር እየዞሩ “ይህ እንዲህ ነው፣ ያ እንዲያ ነው” ብሎ መዘርዘር ሳይንስ አይደለም አሉ። ሕግ እንፈልግ። ከተሞች ለምን ተራርቀው ተቀመጡ? ሰው ምን ያህል ድረስ ይሄዳል፣ ምን ያህል ሲርቀው ይተወዋል? ቀመር መጣ፣ ኮምፒውተር መጣ። ትንሽ ቆይተው የኔዎቹ መጡና “በቀመራችሁ ውስጥ ያለው ሰው አይናፍቅም፣ አይፈራም፤ ሰው አይደለም” አሉ። ሌሎቹ ደግሞ “ከካርታው ጀርባ ተጠቃሚው ማነው?” አሉ። ሴቶቹ “የማን ውሎ ነው የተለካው?” ብለው ጠየቁ።

ይህን ሁሉ ጻፍኩ። አነበብኩት። የቁጥሩ ክፍል የተሸናፊ ታሪክ ሆኖ ወጣ። እሱ ሲያነብበው ይታየኛል። በምን አወቅሽ ይላል... አይ። አሁን እሺ ነው የሚለው።

ቀደድኩት።

ኅዳር 15

ቅዳሜ። እንደገና ሄድኩ። እሱ ተኝቷል። ከእትዬ ጋር ወጥ ቤት ተቀምጠን ድንች ላጥን። አንቺ ማለቱ ገና አፌን ይይዘኛል። ጠየቅኳት።

“ቁጥር እንዲህ የወደደው ለምንድን ነው?”

ቢላዋዋን አስቀመጠች። “አልነገረሽም?”

“ስለ ራሱ ምን ነግሮኝ ያውቃል?”

ነገረችኝ። ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ እናቱ ምጥ ጠናባት። ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፣ መኪና የለም። በቃሬዛ ተሸክመው ወጡ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ እሱ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ሕይወቷ አለፈ። ከዚያ በኋላም ተሸክመዋት መመለስ ነበረባቸው።

“ኮሌጅ ሲገባ የሆነ ቀመር አስተማሩት” አለች እትዬ። “ጤና ጣቢያ የት ቢሠራ ነው ብዙ ሰው ሳይርቀው የሚደርስበት የሚል። የመንደሮቹን ርቀት ሁሉ እየጠየቀ ሞላበት። ጤና ጣቢያው የተሠራበት ሜዳ አንድ ባለሥልጣን የመረጠው ነው፤ ሰው የለበትም። ቀመሩ ግን ሌላ ቦታ ይሠራ አለ። ከእናቱ ደጅ ሆነሽ የምታዪው ኮረብታ ላይ።”

ድንቹን አነሳሁ። አስቀመጥኩት።

“ይህን ክፍል ውስጥ ለምን አይናገርም?”

“‘ብናገር ያቺ ሴትዮ ይኸው ግጥም ጀመርክ ትለኛለች’ ይላላ።”

ሁለታችንም ሳቅን። እሷ ቶሎ ተወችው፤ እኔ ትንሽ ቆየሁበት፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ።

ርቀት ለእሱ ትከሻው ላይ ያረፈ ነገር ነው። ክብደት አለው።

ኅዳር 22

ምዕራፉን እንደ አዲስ ጽፌ ይዤው ሄድኩ። አጠገቡ ወንበር ስቤ አነበብኩለት። “መለካትን የመረጡት ልባቸው ስለቀዘቀዘ አልነበረም። ግምት ሁልጊዜ ለጉልበተኛ ሲያዳላ ስላዩ ነው...”

“እሺ” አለ። ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነው።

ቀጠልኩ። እሺ። ገጽ ገለጥኩ። እሺ። እትዬ ከወጥ ቤት ብቅ እያለች ትመለሳለች።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። እሺው መረረኝ። ወረቀቱን እንደያዝኩ፣ የማነብ መስዬ፣ ከራሴ ጨመርኩበት።

“ስለዚህ የሚለካው ‘ስፍራ’፣ የሚኖርበት ‘ቦታ’ እንዲባል ሁለቱም ጸሐፊዎች ያለ አንዳች ልዩነት ተስማምተዋል።”

ፊቱን አዞረ። የአንገቱ ሥር ተገተረ። አፉ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ እንደገና ተንቀሳቀሰ።

“አ...”

“ምን አልክ?”

“አይ... አይደለም።”

ወጥ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ወደቀ። እትዬ ሊጥ የነካ እጇን ሳትጠርግ ወጣች።

“አይደለም” አለ ደግሞ፤ አሁን ጥርት ብሎ፣ በግራ እጁ ጣቱን እየቀሰረብኝ።

“በምን አወቅህ?” አልኩት።

ብዙ ታገለ። ላብ ወጣው። “ሰ... ሰፈረ” አለ። መዳፉን ጎድጎድ አደረገና እህል እንደሚሰፍር ሰው ካንዱ ወደ ሌላው ገለበጠ። ከዚያ እጁን የወንበሩ ክንድ ላይ ዘርግቶ አሳረፈ። ዝም ብሎ አሳረፈው። “ሰፈረ” አለ እንደገና። ያው ምልክት። መገልበጥ... ማሳረፍ።

እትዬ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ተናድጄ ነበር። ምን ሊለኝ እንደፈለገ አልገባኝማ።

ኅዳር 24

ገባኝ። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሳለሁ። “ሕዝቡ ከወንዙ ዳር ሰፈረ” ብዬ ጽፌ ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ። እህሉን ሰፈረ... ለካው ማለት ነው። ሜዳው ላይ ሰፈረ... ተቀመጠ፣ ኖረበት። መስፈሪያ። ሰፈር። ስፍራ። ሥራቸው አንድ ይሁን ሁለት የቋንቋ ሰዎች ይወቁት፤ አፋችን ውስጥ ግን ያው አንድ ቃል ነው። መለካትም መኖርም። እኛ ለሁለት ልንቀደው ስንታገል የከረምነው ቃል።

ተማሪዎቹ ዝም ብዬ ስቆም እርስ በርሳቸው ተያዩ። “አመመዎት መምህር?” አለች ያቺ ስለ ደሃ የጠየቀችው። “የለም፣ የሆነ ሰው አሸነፈኝ” አልኳት።

ቅዳሜን አልጠበቅኩም። ደረጃውን እያለከለክሁ ወጣሁ። እትዬን እንኳ ሰላም ሳልል ገብቼ ፊቱ ቆምኩ።

“አውቀኸው ነበር? መስከረም ላይ ስንጨቃጨቅ አውቀኸው ነበር?”

ትከሻውን ሰበቀ። አንዱ ብቻ ነው የሚነሳለት። ግን ሰበቀ።

ታኅሣሥ 3

ረቂቁን ለኃላፊው ሰጠሁት። መጨረሻው ሁለት መደምደሚያ አለው። አንዱ የእሱ፣ የለካ ሰው መደምደሚያ፤ ጽፌ ሦስት ጊዜ አነበብኩለት፣ “አይደለም” እያለ አስተካከለው። አንዱ የኔ። አልተስማማንም ብለን ጽፈናል። ስለ “ሰፈረ” ያለው አንቀጽ የጋራ ነው።

“ዶክተር፣ ተማሪ ግራ ይጋባል።”

“ይጋባ።”

“ሌላው ደግሞ... ጋሽ አሁን ባሉበት ሁኔታ ስማቸው ባይገባስ? ተስማምተዋል ለማለት አይቻልም።”

“አልተስማማም። ለዚህ ነው ስሙ የሚገባው።”

ብዙ አየኝ። ተማሪያችን ሳለ ፈተና ላይ መልሱ የጠፋው ጊዜ እንዲህ ነበር የሚያየው።

“ካልሆነ የኔም ይውጣ” አልኩና ተነሳሁ።

አስብበታለሁ አለ። የሃያ ዓመት ሥራዬ የገባበት መጽሐፍ ነው... ይውጣ ስል ምን ነክቶኝ ነው? ግን ወደ ቢሮዬ ስሄድ እግሬ ቀሎኝ ነበር።

ታኅሣሥ 20

ቃላት እየመጡ ነው። ውሃ። በምን። ተይ። የእትዬን ስም። የኔን ስም ገና። “አንቺ” ይለኛል፤ ይበቃኛል።

ሻይ ስንጠጣ እትዬ ነገረችኝ። ልጃቸው ልትወስዳቸው ነው። ሌላ ከተማ፣ ምድር ቤት፣ ለእሱ የአካል ማገገሚያ ቅርብ። እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ታስሮ እስከ መቼ?

“ጥሩ ነው” አልኩ።

እውነትም ጥሩ ነው።

ጥር 4

ቅዳሜ ሸኘኋቸው። ጎረቤቶች ከነወንበሩ ተሸክመው አወረዱት። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ሲያዘነብሉት ዓይኑን ጨፈነ። ምን እንዳስታወሰ የማውቅ መሰለኝ፤ ግራ እጁን ያዝኩት፣ እስከ ታች።

እትዬ አቅፋኝ ቆየች። “አንቺ እንዳትጠፊ” አለችኝ። የሚሄዱት እነሱ፣ አትጥፊ የምባለው እኔ።

መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮት አየኝ። “እሺ” አለ። የትኛው እሺ እንደሆነ አላወቅኩም።

ጥር 14

ቢሮውን ለአዲስ መምህር ሰጡት። የካርታ ሶፍትዌር የሚያስተምር ወጣት። ትሑት ነው፣ ብድግ ብሎ ሰላም ይለኛል። ጆሮው ላይ የሚሰካ ነገር አለው፤ ቀኑን ሙሉ አይነቅለውም። ኮሪደሩ ላይ የራሴን ኮቴ እሰማለሁ።

ጥር 18

ቅዳሜ። ከሰዓት በኋላ ለብሼ ወጣሁ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ደረስኩ፣ አውቶቡሱ መጣ። የምሄድበት እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ሹፌሩ “ይገባሉ?” አለኝ። የለም አልኩት። በእግሬ ተመለስኩ። ብርድ ነበር።

ድሮም ብቻዬን ነበርኩ። ድሮ ግን እንዲህ አይጎረብጠኝም ነበር...

የካቲት 4

መጽሐፉ ተፈቀደ። በሁለት ስም፣ በሁለት መደምደሚያ። የእሱ ስም ይቀድማል፤ በዕድሜ። ኃላፊው ወረቀቱን ሲሰጠኝ “እኔ እንኳ የጋሽን መደምደሚያ ነው የወደድኩት” አለ። ደስ አለኝ፣ ከዚያ ተናደድኩ፣ ከዚያ መልሶ ደስ አለኝ።

ልነግራት ለእትዬ ደወልኩ። ሰምታ ስታበቃ፣ “ዕረፍት ላይ አይደላችሁ? ነይ” አለችኝ።

“ለእናንተ ሸክም...”

“ስሚኝማ። ልጄ የሚለውን ሁሉ እሺ ትለዋለች። አባቷ ነው፣ ታሟል፣ ምን ታድርግ። የሚከራከረው አጥቶ እንደገና ዝም እያለብኝ ነው። ነይና አናጂልኝ።”

ትኬት ቆረጥኩ።

የካቲት 10

ይህን የምጽፈው ልጃቸው ቤት፣ ልብስ በሚተኮስበት ክፍል ውስጥ በዘረጉልኝ አልጋ ላይ ተቀምጬ ነው። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ እግሬ ላይ አርፋለች። ከሳሎን የሳህን ድምፅ ይመጣል።

ጠዋት እንዲራመድ ታዟል። እሱ ምርኩዙን፣ እኔ ክንዱን ይዘን ወጣን። ሰፈሩ አዲስ የተሠራ ነው፤ ግንቡ ሁሉ ግራጫ፣ በሩ ሁሉ ሰማያዊ። ስለ መጽሐፉ እያወራን... እኔ እያወራሁ፣ እሱ “አይደለም” እያለ፣ ታጠፍን፣ ደግሞ ታጠፍን። አንድ ግንብ ሥር ስንደርስ ቆመ። ዞር ዞር አለ።

“የት... ነን?”

“አንተ አታውቅም እንዴ? አንተን አምኜ እኮ ነው የምሄደው።”

“እኔ... አንቺን።”

ልጅቷ ደወለች። “የት ናችሁ?”

“እንጃ።”

“እንዴት እንጃ? ምን ይታያችኋል?”

አየሁ። “ግንብ። ስንጥቅ አለው፣ ወንዝ ይመስላል። የሳሙና ሽታ አለ። ከግንቡ ማዶ አንዲት ሴትዮ ልብስ እያጠበች ታንጎራጉራለች፣ ድምፅዋ ትንሽ ያዘነ...”

“እሱማ የት አይኖርም። ከቤት ምን ያህል ርቃችኋል?”

ስልኩን ለእሱ ሰጠሁት። አሰበ። በሙሉ ልብ፣ “ስምንት... መቶ... ሜትር” አለ። “ሰሜን።”

ከግንቡ ማዶ ማንጎራጎሩ ቆመ።

“እናንተ ሰዎች” አለች እትዬ ከማዶ። “ከቤቱ ኋላ ቆማችሁ ምን ትሠራላችሁ?”

ተያየን። አርባ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው፣ እሱም ድምፅዋን አልለየውም። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም፤ በግማሽ ፊቱ ነው የሚስቀው፣ ግን ሆዱን ያዘው። ምርኩዙ ወደቀ። ላነሳለት ጎንበስ ብዬ እኔም እዚያው ተቀመጥኩ፣ አፈሩ ላይ፣ እየሳቅኩ። መንገደኛ አልፎ አየን።

ነገም እንወጣለን። በግራ በኩል ይሻላል ይላል። እኔ በቀኝ ነው ያልኩት። እስካሁን አልተስማማንም።